ድካማችሁ በየትኛው ወር ይመጣል?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይደበዝዛል)

የዛሬው የጤና ትምህርታችን ብዙ ሰው ዓመት በዓመት ተሸክሞት የሚኖረውን፣ በሽታ ነው ብሎ ግን ሐኪም ዘንድ የማይሄድበትን ጉዳይ ያነሳል። እሱም ወቅት ጠብቆ የሚመጣ አለርጂና አብሮት የሚመጣው ድካም ነው።

ለትምህርታችን ማንኪራን ይዘን እንጓዛለን። ማንኪራ በካፋ ዞን፣ በዴቻ ወረዳ፣ ከቦንጋ ከተማ ብዙም ሳትርቅ የምትገኝ የጫካ ቡና ምድር ናት። የአካባቢው ሰው የቡና ሁሉ እናት የሚላት ዛፍ ያለችው እዚያ ነው። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ዝናቡ ረጅም፣ አየሩ እርጥብ፣ ሣሩ ለምለም ነው። ቡናው፣ ንቡና ምድጃው ሁሉ በአንድ ቀዬ ናቸው። አለርጂን የሚቀሰቅሰው ነገር ከወር ወር እንዴት እንደሚለዋወጥ ለመከታተል ከዚህ የተመቸ ቦታ አይገኝም።

እስቲ ሁለት ጎረቤታሞችን በሐሳባችሁ አስቡልኝ። አንደኛዋ እናት ናቸው። ጥቅምት በገባ ቁጥር ጠዋት ከአልጋቸው ሲነሱ በተከታታይ ያስነጥሳቸዋል። አፍንጫቸውንና ላንቃቸውን ያሳክካቸዋል፣ ዓይናቸው ያለቅሳል። ቀትር ላይ ጭንቅላታቸው ይከብዳል፣ እጃቸው ሥራ አልይዝ ይላል። ሁለተኛው ቡና ለቃሚ ወጣት ነው። አያስነጥሰውም፣ አያሳክከውም፤ ነገር ግን ዳገት ሲወጣ ልቡ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ተኝቶም ቢነሳ ድካሙ አይለቀውም። ሁለቱም «ደከመኝ» ይላሉ። ለሁለቱም የሚሰጣቸው ምክር አንድ ነው፦ «ጉንፋን ይሆናል፤ ትኩስ ቡና ጠጣበት»። ሕመማቸው ግን ለየቅል ነው፣ መድኃኒታቸውም እንደዚያው። የዛሬው ትምህርታችን ፍሬ ነገር ይኼ ነው፦ ድካም ስም የለውም፤ ስሙን የምናገኘው መቼ እንደሚመጣና ከምን ጋር እንደሚመጣ ስናጤን ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

በእናታችን እንጀምር። አለርጂ ምንድን ነው?

የሰውነታችን የመከላከል አቅም ሥራው ጀርምን መዋጋት ነው። አለርጂ ያለበት ሰው ላይ ግን ጉዳት የማያደርሰውን ነገር እንደ ጠላት ይቆጥረዋል። በቀፎ አጠገብ የሚያልፍ መንገደኛ ማር ሊቆርጥ የመጣ መስሏቸው ንቦች ግር ብለው እንደሚወጡበት ማለት ነው። ብናኙ አፍንጫ ውስጥ ሲያርፍ፣ አስቀድመው የተዘጋጁ ሴሎች ሂስታሚን የተባለ ንጥረ ነገር ይለቃሉ። ሂስታሚን የአፍንጫን የውስጥ ሽፋን ያሳብጣል፣ ያሳክካል፣ ያስነጥሳል፣ ውሃ የመሰለ ንፍጥ ያወርዳል፣ ዓይንንም ያቀላል።

ብናኝ ስንል በዋናነት የእፅዋትን የወንዴ ዘር ብናኝ ማለታችን ነው። ከሣር አበባ የሚነሳው ብናኝ በጣም ደቃቅ ነው፤ 30 ያህሉ ተሰልፈው አንድ ሚሊ ሜትር ቢሞሉ ነው። ጥፋቱ የሣር መሆኑን ሰው የተረዳው ቆየት ብሎ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርለስ ብላክሊ ራሱ ይህ ሕመም ነበረበትና ብናኙን በገዛ አካሉ ላይ እየሞከረ ያገኘውን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1873 በመጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ በፊት ሕመሙን ብዙዎች ለበጋ ሙቀት ይሰጡት ነበር።

ታዲያ ከጉንፋን በምን ይለያል? ጉንፋን ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ትኩሳትና የሰውነት ቁርጥማት ሊኖረው ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ውስጥ ይለቃል። አለርጂ አይተላለፍም፣ ትኩሳት የለውም፣ ማሳከክ አለው፣ ለሳምንታት ይቆያል፣ በዓመቱም በዚያው ሰሞን ይመለሳል። ልጆች ላይ ሌላም ምልክት አለ። አለርጂ ያለበት ልጅ አፍንጫው ሲያሳክከው በመዳፉ ከታች ወደ ላይ ደጋግሞ ያሻዋል። ይህ ሲበዛ በአፍንጫው ለስላሳ ክፍል ላይ አግድም ቀጭን መስመር ይወጣል፣ ከዓይኖቹም ሥር ይጠቁራል። እንዲህ ያለ ልጅ ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ መምህሩ ሰነፍ ነው ብሎ ከመፍረድ በፊት ሌሊት እንዴት እንዳደረ ይጠይቅልን።

አለርጂ ድካም የሚያመጣው በሦስት መንገድ ነውና አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው እንቅልፍ ነው። አፍንጫው የተዘጋ ሰው በአፉ እየተነፈሰ ያድራል፤ ጉሮሮው ይደርቃል፣ ያንኮራፋል፣ ሳያውቀው ደጋግሞ ይነቃል። ስምንት ሰዓት አልጋ ላይ ቢቆይም የተኛው እንቅልፍ ግን ስምንት ሰዓት አይሞላም። ሁለተኛው ከራሱ ከሕመሙ ነው። የመከላከል አቅማችን ሲቆጣ የሚለቃቸው ንጥረ ነገሮች በደም አማካይነት አንጎል ዘንድ ይደርሳሉ፣ ሰውነትንም ያዝላሉ፤ ጉንፋን ሲይዘን ከምንዝለው ጋር ይመሳሰላል። ሦስተኛው መንገድ መድኃኒቱ ራሱ ነው። ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ይኼንን ስለሆነ በኋላ ሰፋ አድርገን እንመለስበታለን።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን የማንኪራን ዓመት ይዘን እንጓዝ።

ከመስከረም እንነሳ። ዝናቡ መቀነስ ሲጀምር ሣሩ ያብባል፣ ፀሐይና ነፋስም ብናኙን ያነሱታል። በዚህ ወቅት የሚያስነጥሰው ሰው አደይ አበባን ይወቅሳል። አደይ ግን ቀለሟ የሚያምረው ንብ ለመጥራት ነው፤ ብናኟ ከባድና የሚጣበቅ ስለሆነ በነፍሳት እግር እንጂ በነፋስ ብዙ አይሄድም። ወንጀለኛው ቀለምም ሽታም የሌለው፣ ማንም ልብ የማይለው የሣር ዘንግ ነው። ይህንን ሣር ደግሞ ለበዓልና ለቡና አጭደን ቤት ውስጥ እንጎዘጉዘዋለን። ያበበ ሣር ከሆነ ብናኙን በገዛ እጃችን ማጀት አስገባነው ማለት ነው፤ በላዩ ላይ የዕጣንና የሚቆላ ቡና ጭስ ሲጨመርበት የተቆጣው አፍንጫ ይብሱን ይቆጣል። ጉዝጓዙ ይቅር አንልም፤ ባህላችን ነው። ነገር ግን ሣሩ ሳያብብ ይታጨድ፣ ካበበም ዘንጉ ይለይ፤ ቤት ውስጥ አለርጂ ያለበት ሰው ካለም በር ከፈት ተደርጎ ይጠጣ፣ ጉዝጓዙም ሳይውል ሳያድር ይጠረግ።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው የቡና ለቀማ ሰሞን ነው፤ እሸቱ ተለቅሞ የማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል፣ ይደርቃል፣ ጀንፈሉም ወደ መፈልፈያ ይሄዳል። መፈልፈያ ቤት ውሎ የወጣን ሠራተኛ አመሻሽ ላይ ብታዩት ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ በቡና ገለባ ብናኝ ነጥቶ ታገኙታላችሁ። ዓይኑ ላይ ያረፈው ያ ብናኝ ሳንባውም ውስጥ ገብቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ የቡና መፈልፈያ ፋብሪካዎች ሠራተኞች ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ሥራ፣ እነዚህ ሠራተኞች ከፍተኛ አቧራ እንደሚተነፍሱና የሳንባቸው አቅም ቡና ከማይነኩ ሠራተኞች ያነሰ መሆኑን አሳይተዋል። የአረንጓዴ ቡና ብናኝ በአንዳንድ ሰዎች ላይ እውነተኛ አለርጂ ያመጣል። ጉሎ የተያዘበት ጆንያ ለቡና ሲውልም የጉሎው ብናኝ ብርቱ አለርጂ ይቀሰቅሳል። ስለዚህ መፈልፈያ ቤትና ቡና ማበጠሪያ የምትሠሩ አድማጮቻችን ማስክ አድርጉ፣ ጀርባችሁን ለነፋሱ ሰጥታችሁ ሥሩ፣ የጉሎ ጆንያ ለቡና አትጠቀሙ። የሥራ ልብሳችሁን አራግፋችሁ ከመኝታ ቤት ውጭ አድርጉት። ከሥራ እረፍት በምትወጡበት ቀን የሚሻላችሁ፣ ስትመለሱ የሚብስባችሁ ከሆነ ደግሞ ይህንኑ ለሐኪም ሳትረሱ ንገሩ፤ ትልቅ ፍንጭ ነው።

የካቲትና መጋቢት የቡና አበባ ወር ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ቡናው በአንዴ ይፈነዳል፤ ለሁለት ሦስት ቀን ጫካው ነጭ ለብሶ ሽታው አገሩን ያውዳል። በዚህ ሰሞን ለሚያስነጥሰው ሰው ተጠያቂ የሚደረገው ይህ አበባ ነው። አረቢካ ቡና ግን በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል ነው፤ እንደ ሣር ብናኙን በነፋስ ርቆ መበተን አያሻውም። ብርቱ ሽታ በራሱ አፍንጫን ሊያስቆጣ ቢችልም፣ አበባው በሦስተኛው ቀን ረግፎ ማስነጠሱ ወር ሙሉ ከቀጠለ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ይፈለግ። በበጋው ማብቂያ ላይ የመንገዱ አቧራ አለ፣ ለእርሻ ዝግጅት የሚቃጠል ቁጥቋጦ ጭስም አለ።

ከዚያ ረጅሙ ዝናብ ይገባል። ብዙ ሰው ዝናብ ሲመጣ ብናኙ ይታጠባል፣ አለርጂም ያበቃል ብሎ ያስባል፤ የውጪው እውነትም ይቀንሳል። የቤት ውስጡ ግን ያኔ ይጀምራል። በእርጥብ ግድግዳ ላይ፣ በቁም ሳጥን ጀርባ፣ በደንብ ባልደረቀ እህልና ጆንያ ላይ ሻጋታ ይበቅላል። ፍራሽና ትራስ ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ፣ ከሰውነታችን የሚረግፈውን ቆዳ የሚመገቡ ጥቃቅን የአቧራ ተባዮች አሉ። እርጥበት ይስማማቸዋል፣ አለርጂ የሚያመጣውም ዋናው ኩሳቸው ነው። ጠዋት ከአልጋ ሲነሳ የሚብስበት፣ ቀን ወጣ ብሎ ሲሠራ የሚሻለው ሰው መጀመሪያ ፍራሹን ይጠርጥር። ፀሐይ በወጣች ቀን ፍራሽና ብርድ ልብስ አውጥቶ ማስጣት፣ አንሶላንና የትራስ ልብስን በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ ማጠብ፣ አልጋን ከእርጥብ ግድግዳ ማራቅ፣ መስኮት ከፍቶ ቤቱን ማናፈስ ገንዘብ የማይጠይቅ ሕክምና ነው። የማገዶ ጭስ መውጫ ማበጀትም እንዲሁ፤ ጭስ አለርጂ ባይሆንም አለርጂ ያለበትን አፍንጫና ሳንባ ያባብሳል።

አያችሁ አድማጮቻችን፣ ወሩ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ስለዚህ አንድ ቀላል ሥራ እንስጣችሁ። ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ያስነጠሳችሁንና የደከማችሁን ቀን ምልክት አድርጉበት፤ የት እንደዋላችሁም በአጭሩ ጻፉ። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ያንን ይዛችሁ ሂዱ። ከብዙ ምርመራ ይልቅ ፈጥኖ መንገድ የሚያሳየው እሱ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ሁለተኛው ጎረቤት፣ ወደ ወጣቱ እንሂድ። የቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት ቢያደርግ ምልክቱ ዓመቱን ሙሉ ነው፤ ወቅት የለውም፣ ማስነጠስም የለውም። የታችኛውን የዓይን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርገን ብናይ ውስጡ ቀይ መሆን ሲገባው ገርጥቷል። ይህ የደም ማነስ ምልክት ነው። በእርጥብ የቡና መሬት ላይ በባዶ እግር ለሚሠራ ሰው ደግሞ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ በእግር ቆዳ በኩል የሚገባው መንጠቆ ትል ነው። ትሉ አንጀት ውስጥ ተጣብቆ ደም ይመጣል፤ ሰውየው ቀስ በቀስ አቅም ያጣል።

ስለ መንጠቆ ትልና ስለ አለርጂ ግንኙነት ደግሞ ከቦንጋ 110 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በጅማ የተሠራ፣ በዓለም የሕክምና ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ጥናት በጅማ ከተማ ያለው አስም በዙሪያው ካለው ገጠር ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ አሳየ። ከአራት ዓመት በኋላ በዚያው መጽሔት የታተመው ሌላው የጅማ ጥናት ደግሞ መንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ደረታቸው የሚያፏጭባቸው አነስ ባለ መጠን እንደሆነ አመለከተ። ትሉ በሰው ሰውነት ውስጥ ለመኖር ሲል የመከላከል አቅማችንን ያለዝበዋል ተብሎ ይታሰባል። ይህን ሰምቶ ትሉ ይቆይልኝ የሚል ሰው እንዳይኖር አደራ። ትል ደም ያሳጣል፣ ልጅን ያቀጭጫል፣ ነፍሰ ጡርን ለአደጋ ይዳርጋል። መድኃኒቱ አልቤንዳዞል በአንድ ጊዜ የሚዋጥ ኪኒን ነው፤ መከላከያውም ጫማና መጸዳጃ ቤት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቡናችንም አንድ ነገር እንበል። የካፋ ሰው ለድካም መጀመሪያ የሚያቀርበው ቡና ነው። ቡና ለጊዜው ያነቃል፣ የድካሙን ምክንያት ግን አያክምም። ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ሲጠጣ ደግሞ ከምግቡ የምናገኘውን የብረት ማዕድን ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል፤ ደም ያነሰው ሰው ቡናውን ከምግቡ አንድ ሁለት ሰዓት ቢያርቀው ይጠቀማል። አመሻሽ ላይ የሚጠጣ ቡናም በአለርጂ የተቆራረጠውን እንቅልፍ ይብሱን ይቆራርጠዋል።

ከትልና ከደም ማነስ ሌላ ወባ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ ስኳር፣ የእንቅርት ዕጢ ሕመም፣ እርግዝና፣ የተራዘመ ሐዘንና ጭንቀትም ያደክማሉ። ስለዚህ የማይለቅ ድካም ሁሉ ምርመራ ይገባዋል።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ መድኃኒቱ እንምጣ። ለአለርጂ ከሚታዘዙት ቀደም ያሉት እንደ ክሎርፌኒራሚንና ፕሮሜታዚን ያሉት አንጎል ውስጥ ስለሚገቡ እንቅልፍ ያመጣሉ። ማታ የተዋጠው ክሎርፌኒራሚን ነገም ሊያደነዝዝ ይችላል። በብዙ የጉንፋን ኪኒኖች ውስጥም ተቀላቅሎ ይገኛል። ሰውየው አለርጂው አደከመኝ እያለ ያደከመው ኪኒኑ ሊሆን ይችላል። ይህን መድኃኒት ውጦ ሞተር መንዳት፣ መፈልፈያ ማሽን ላይ መሥራት፣ ቀፎ ለመስቀል ዛፍ ላይ መውጣት ሕይወት ያስከፍላል፤ ከጠጅና ከአረቄ ጋር ሲሆን ደግሞ ይበረታል። እንደ ሎራታዲንና ሴትሪዚን ያሉት አዳዲሶቹ የሚያስተኙት በጣም ባነሰ መጠን ነው፤ ፋርማሲ ስትሄዱ «እንቅልፍ ያመጣል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለተዘጋና ለሚያስቸግር አፍንጫ ከሁሉ የሚበልጠው በሐኪም የሚታዘዘው የአፍንጫ ስቴሮይድ ስፕሬይ ነው። ሥራው ቀስ ብሎ ስለሆነ በየቀኑ መወሰድ አለበት፤ ወቅቱ የታወቀለት ሰው ከሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ቢጀምር ይመረጣል። የአፍንጫ መክፈቻ ጠብታ ግን ከጥቂት ቀን በላይ ከተወሰደ አፍንጫውን መልሶ ይዘጋዋል። አሞክሳሲሊን ለአለርጂ አይሠራም፤ አለርጂን የሚያመጣው ባክቴሪያ አይደለምና። ዴክሳሜታዞንን ያለ ሐኪም ትዕዛዝ መዋጥ ስኳርና ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የጀርም መከላከል አቅምንም ያዳክማል።

ቤት ውስጥ ደግሞ አፍንጫን በጨው ውሃ ማጠብ ይረዳል፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ከማሳ ሲገባ ፊትንና ጸጉርን መታጠብም ብናኙን ከትራስ ያርቃል። ማርስ? የካፋ ማር ሳልን ያስታግሳል፤ አለርጂን ያድናል የሚባለው ግን አልተረጋገጠም፤ ንቦች በአብዛኛው የሚሰበስቡት እንደ አደይ ያሉ አበቦችን ብናኝ እንጂ የሚያስነጥሰንን የሣር ብናኝ አይደለም። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ማር ፈጽሞ አይሰጥ።

ሳንውል ሳናድር ወደ ጤና ተቋም የምንሄድባቸውን ምልክቶች ልንገራችሁ። ደረት ሲያፏጭና ትንፋሽ ሲያጥር፣ ትኩሳት ሲኖር፣ ሳል ሁለት ሳምንት ሲያልፈው ወይም ደም ሲቀላቅል፣ ክብደት ሲቀንስና ሌሊት ሲያልብ፣ ዓይንና ምላስ ሲገረጣ። ንብ ነድፎት ወይም ምግብና መድኃኒት ወስዶ ከንፈሩ ወይም ፊቱ ያበጠ፣ መላ ሰውነቱን ሽፍታ ያለበሰው፣ ራሱን ለመሳት የቃጣው ሰው ደግሞ ደቂቃ አይሰጠውም፤ በቃሬዛም ቢሆን ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ሌላውን ሁሉ ከቀበሌያችሁ ጤና ኬላ ጀምሩ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወደ ጤና ጣቢያ፣ እንዳስፈላጊነቱም ቦንጋ ወደሚገኘው ገብረጻድቅ ሻዎ ጠቅላላ ሆስፒታል መንገዱን ታሳያችኋለች።

እናቶች፣ አባቶች፣ ቡና ለቃሚ ወጣቶች፣ መምህራን፦ የሚደክመውን ሰው ሰነፍ ከማለታችን በፊት ሁለት ጥያቄ እንጠይቀው፦ በየትኛው ወር ይብስብሃል? ከድካሙ ጋር ምን አብሮ ይመጣል? ማስነጠስና ማሳከክ ካለው አለርጂውን እናክም፤ ከሌለው ደሙ ይመርመር። ሁለቱም የሚታከሙ ናቸው፤ ሁለቱም ታክመው ሰው ወደ ሥራውና ወደ ትምህርቱ በሙሉ ጉልበቱ መመለስ ይችላል። ምልክት ማድረጉን ከዛሬ ጀምሩት።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)